ክርስትና ሳትነሳ የሞተች ሕፃን የት ናት? አብያተ ክርስቲያናት ምን ይላሉ?

በቅርቡ ሰፈራችን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። የሞተችው የ63 ቀን ሕፃን ናት። 80 ቀኗን እየጠበቁ ክርስትና እናቷ እንኳ ተመርጣ ነበር። እናትየዋ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦ «ሳትጠመቅ ሄደችብኝ፣ አሁን የት ናት?» አንዷ ጎረቤት «መልአክ ናት እኮ፣ ምን ኃጢአት አላት?» አለቻት። ሌሎቹ ዝም አሉ።

ጥያቄው ከ1,500 ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። እስቲ ቀለል አድርገን እንየው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንደኛው ሰው አውቆ የሚሠራው ኃጢአት ነው። ሕፃን ይሄ የለበትም፤ እዚህ ላይ ጠብ የለም። ሁለተኛው ከአዳም የመጣው፣ የእኛ ሊቃውንት «ጥንተ አብሶ» የሚሉት ነው። ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ቀኑ ከኦሪት ዘሌዋውያን እና አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ይያያዛል። ሕፃኑ በጥምቀት ልጅነት ያገኛል፤ በዚያው ቀን ይቆርባል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይሄን ነው፦ ሕፃኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ 40 ወይም 80 እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። ካህን ተጠርቶ ቀድሞ ሊጠመቅ ይችላል።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩን ያከረረው አውግስጢኖስ ነው (እ.ኤ.አ. 354–430)። ሕፃን የአዳምን በደል ይዞ ስለሚወለድ ሳይጠመቅ ከሞተ ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም አይድንም ብሎ አስተማረ። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የካቶሊክ መምህራን ይሄ ከበዳቸውና «ሊምቦ» የሚባል፣ ሥቃይ የሌለበት ግን እግዚአብሔርን ማየትም የሌለበት ቦታ አለ አሉ። ሊምቦ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዶግማ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የቫቲካን የሥነ መለኮት ኮሚሽን ያልተጠመቁ ሕፃናት እንደሚድኑ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ የሚል ሰነድ አወጣ። ልብ በሉ፣ «ተስፋ» ነው ያለው፣ «እርግጠኛ ነን» አላለም።

በምሥራቅ ደግሞ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ስለሚሞቱ ሕፃናት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። የሕፃን ነፍስ በክፋት ስላልታመመች እንደ አቅሟ ከሕይወት ትካፈላለች የሚል ሐሳብ አለው።

ወንጌላውያን ጋ ስንመጣ ሁሉም አንድ አይደሉም። መካነ ኢየሱስ የሉተራን መሠረት ስላላት ሕፃናትን ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት ግን አምኖ ለመሰከረ ሰው ነው ጥምቀት የሚሰጡት፤ ሕፃን ይጸለይለታል፣ ይባረካል። ብዙዎቹ ክፉና ደጉን ሳይለይ የሞተ ልጅ በክርስቶስ ጸጋ ይድናል ብለው ያምናሉ። ዳዊት ልጁ ሲሞትበት አንድ ቀን እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ ማለቱን ይጠቅሳሉ።

እና የጎረቤቷ መልስ ልክ ነው? በከፊል። የራሷ ኃጢአት እንደሌላት እውነት ነው። ግን «ኃጢአት የለባትም» ማለትና «መዳን አያስፈልጋትም» ማለት አንድ አይደለም። ከላይ ያየናቸው ሁሉ ሕፃንም ቢሆን የሚድነው በክርስቶስ ነው ይላሉ፤ የሚለያዩት እንዴት በሚለው ላይ ነው።

ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ልጅ ከታመመባችሁ ቀን አትቁጠሩ፤ ሐኪም ጋ ውሰዱ፣ ለንስሐ አባታችሁም ቶሎ ንገሩ። ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ፍርድ ይዛችሁ አትግቡ። አውግስጢኖስን የሚያህል ሰው የፈረደበትን ነገር የራሱ ቤተ ክርስቲያን ከ1,500 ዓመት በኋላ ለእግዚአብሔር ምሕረት ትታዋለች። እኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ልንወስነው አንችልም።