ጥለቱን ገልብጦ ያየ ነጋዴ
ከፒያሳ እስከ ሽሮ ሜዳ፦ የሸማ ገበያ ቅኝት

ጓደኛዬ ዛሬ ደላላ ነው። ቀደም ሲል ግን ፒያሳ ላይ ለዓመታት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ሱቁ የነበረበት ቤት በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከፈረሱት የሰፈሩ ቤቶች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጁ የቀረችው ጥሪት ባንክ ተቀምጣ የዋጋ ንረት እየበላት ነው። በቅርቡ አንድ አስመጪ «ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ» ብሎ የጥበብ ጥለት የታተመበት ጨርቅ በኮንቴይነር ከቻይና ለማስመጣት ጠየቀው። እሱም ወደ እኔ መጥቶ፣ «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ ያዋጣል አያዋጣም?» አለኝ። ወረቀት ላይ ከመደመር ገበያውን እንይ ተባብለን ቅዳሜ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ተቀጣጠርን።

ቦታው ለጉዳያችን የተስማማ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የሚቆመው እዚሁ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዓመታት ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው። «ታዲያ ከአራዳ ሲነቀል እኔ የመጀመሪያው አይደለሁማ!» አለ ጓደኛዬ እየሳቀ። ታክሲ ይዘን በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርገን ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን።

ሁለት ዕቃ፣ አንድ መደርደሪያ

ሽሮ ሜዳ የሸማ አገር ነው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ከእንጦጦ ግርጌ ሰፍረው ሙያውን ለልጅ ልጅ አውርሰዋል። ከዋናው መንገድ ዳርና ዳር ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢውና የሐበሻ ቀሚሱ ተሰቅሏል። ይሁን እንጂ ባለሙያ ያልሆነ ዓይን የማይለየው ነገር አለ። በእጅ የተሸመነው ጥበብና በፋብሪካ የታተመው ጨርቅ ጎን ለጎን ተሰቅለው ይሸጣሉ።

ጓደኛዬ የድሮ ሙያው አልጠፋውም። የአንዱን ቀሚስ ጥለት ገልብጦ አየው። በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባው የክሩ መንገድ ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው። ነጠላ ከሆነም መሐሉን ማየት ነው። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ በመሆኑ ነጠላ የሚሠራው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ወጥ ሆኖ ከሰፋ መጠርጠር ይገባል።

ዋጋ ስንጠይቅ ግን ልዩነቱ ሌላ ፍተሻ አላስፈለገውም። የታተመው ከተሸመነው እጅግ ይረክሳል። ሦስት ልጆቿን ለበዓል ልታለብስ የመጣች አንዲት እናት፣ «ፈትሉንማ ማን ይጠላል? አቅሜ ግን ይኸው ነው» አለችን። ይህን ፍላጎት የሚንቅ ነጋዴ ገበያ አያውቅም።

ሸማኔው ምን ይላል?

ከመንገዱ ገባ ብለን አንድ በዕድሜ የገፉ ሸማኔ ቤት ጎራ አልን። እግራቸውን ከጉድጓዱ ከተው መወርወሪያውን እያመላለሱ አነጋገሩን። እንደ ጥለቱ ክብደት አንድ ቀሚስ ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

«አባባ፣ ትልቁ ችግር ምንድነው? የቻይናው ነው?» አልናቸው።

«እሱም አለ ልጆቼ። የባሰው ግን ክር ነው። ክሩን በዱቤ እወስዳለሁ። ሥራው ሲያልቅ ዕዳው ይጠብቀኛል። ጥር መጥቶ ሰርግ ሲበዛ ዋጋው እንደሚወጣ እኔም አውቃለሁ፤ እስከዚያ ምን በልቼ ልቆይ?»

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የሸማ ገበያ ወቅት ጠባቂ ነው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ፣ እንዲሁም በሰርግ ሰሞን ይሟሟቃል። በክረምቱና በዐቢይ ጾም ይቀዘቅዛል። ሸማኔው የሚያመርተው ዓመቱን ሙሉ ቢሆንም የሚሸጠው ክሩ ባለቀበት ዕለት ነው። በቀዝቃዛውና በሞቃቱ ወቅት ዋጋ መካከል ያለው ትርፍ የሚሄደው ቆይቶ መሸጥ ለሚችለው ነው።

ኮንቴይነሩ ያዋጣል?

ስድስት ኪሎ ወርደን ማኪያቶ አዝዘን ሒሳቡን ያዝን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 10 ሺህ ዶላር በባንክ ዋጋ 575 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በመሆኑም አስመጪው ዕቃው ሳይሸጥለት ምንዛሪው ቢወጣ፣ በሸጠበት ብር ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ማምጣት ያቅተዋል። ሁለተኛው አደጋ ተወዳዳሪ ነው። የታተመ ጥለትን በሚቀጥለው ወር ማንም ገልብጦ ያስመጣዋል። የሸማኔ እጅ ግን በኮንቴይነር አይመጣም።

በእርግጥ የእጅ ሥራውም ከምንዛሪ አያመልጥም፤ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር ከውጭ የሚገባ ነው። የውጭ ገበያውም እንቅፋት አያጣውም። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት ሰርዛለች። ያም ሆኖ መንገዱ ዝግ አይደለም። ሞዴሊስት ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም»ን ያቋቋመችው በእኛው ሸማኔዎች እጅ ተማምና ነው። «ሳባሃር»ም ከ2004 ጀምሮ የአገር ውስጥ ሐርና ጥጥ በእጅ አሸምኖ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ሁለቱም የሚሸጡት ርካሽነትን ሳይሆን የእጅ ሥራነቱን ነው። ጋናም የታተመ ኬንቴ ገበያዋን ቢያጥለቀልቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን በመልክዓ ምድር መለያነት አስመዝግባለች። የእኛ ጥበብ ግን አሁንም ከታተመው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ምልክት ሳይለጠፍበት ተሰቅሎ ይሸጣል።

ጓደኛዬ ሲኒውን አስቀምጦ ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎም ለአስመጪው ደውሎ «ይቅርብኝ» አለው። ከዚያ በኋላ ወደ ሸማኔው ቤት ተመልሰን ወጣን። ለጥር የሚደርስ የኩታ ትእዛዝ ሰጥቶ፣ የክሩን ዋጋ በቅድሚያ ከፈለ። ያዋጣው እንደሆነ ጥር ሲመጣ የምናየው ነው። ሽማግሌው ግን የዚህን ዙር ክር በዱቤ አልገዙም።