መልስ የማይሰጥ ባለሙያ

አቱል ጋዋንዴ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የሚታወቅ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ደራሲ ነው። ሥራውን በጀመረ በስምንት ዓመቱ ግድም አንድ ነገር ልብ አለ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሽተኞቹን የሚገጥማቸው ችግር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሲመጣ ቆይቶ መቀነሱን አቁሟል። ስለዚህ በልምምድ ዘመኑ ያስተማሩትን ጡረተኛ ሐኪም ሮበርት ኦስቲንን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ገብተው ሲሠራ እንዲያዩት ለመናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርከር መጽሔት እንደጻፈው፣ እሱ ሥራው በደንብ እንደተጠናቀቀ ሲሰማው የኦስቲን ማስታወሻ በትዝብት ተሞልቶ ነበር። ክርኑ አልፎ አልፎ እስከ ትከሻው ከፍ ይላል፤ መብራቱ ከቀዶው ቦታ ተንሸራቶ ሳለ ሳያስተውል ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቷል። ይህን ለማየት ከጋዋንዴ የላቀ እጅ አላስፈለገም። ያስፈለገው በሥራው ያልተጠመደ ዓይን ነው።

የግል ወይም የሙያ ኮች የሚከፈለው በመሠረቱ ለዚህ ዓይነቱ ትኩረት ነው። ወደ እሱ የሚሄደው ብዙ ሰው ግን ምክር ፍለጋ ነው የሚሄደው። በአገራችን ደግሞ ሙያው ከአነቃቂ ንግግር ጋር ተደባልቋል፤ አነቃቂ ተናጋሪ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሲናገር፣ ኮች ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጦ አብዛኛውን ሰዓት ያዳምጣል። ይህ አካሄድ ከስፖርት ሜዳ የመጣ ነው። የቴኒስ አሰልጣኙ ቲሞቲ ጋልዌይ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መመሪያ ሲበዛ ተማሪው ይበልጥ እንደሚጨናነቅ አሳየ። እሱ ያደረገው ተማሪዎቹ ኳሷ መሬት ስትነካ «ነጠረች»፣ ራኬቱን ስትነካ «ተመታች» እያሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። ሐሳባቸው ከጭንቀቱ ወጥቶ ኳሷ ላይ ሲያርፍ አመታታቸው እየተስተካከለ ሄደ። እንግሊዛዊው የቀድሞ የመኪና ተወዳዳሪ ጆን ዊትሞር ይህን ወደ መሥሪያ ቤቶች አሻገሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት መጽሐፍም ዛሬ ብዙ ኮቾች የሚከተሉትን ቅደም ተከተል በሰፊው አስተዋወቀ፦ ግብ፣ አሁን ያለው እውነታ፣ አማራጮች፣ በመጨረሻም ሰውዬው ቆርጦ የሚያደርገው ነገር።

በተግባር ሲታይ ሥራው የሚጀምረው በትውውቅ ነው። ሁለቱም መስማማት መቻላቸውን ይመዝናሉ፤ ከዚያ ግቡ፣ ክፍያው፣ ምስጢር አጠባበቁና የቆይታው ዘመን በውል ይሰፍራል። ብዙውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል እየተገናኙ ጥቂት ወራት ይዘልቃሉ። አዲስ የተሾመች የክፍል ኃላፊ መጥታ «ሠራተኞቼ አይታዘዙኝም» አለች እንበል። ኮቹ የአመራር ትምህርት አይጀምርላትም። «ያልታዘዘዎት ማን ነው? መቼ? እርስዎስ ያኔ ምን አሉ?» ይላታል። «ሠራተኞቼ» ያለቻቸው ሁለት ሰዎች ሆነው ይገኙ ይሆናል፤ ትእዛዝ ያለችውም ነገር በስብሰባ መካከል በለሆሳስ የተጣለ አስተያየት ሊሆን ይችላል። ከዚያ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የምትሞክረውን አንድ ነገር ራሷ ትመርጣለች። ለውጥ ከመጣ የሚመጣው በዚያ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ያልሞከረ ሰው በሰዓቱ ቢገኝም ገንዘቡን አባክኗል።

«ምክር ከሽማግሌ፣ ከንስሐ አባት፣ ከታላቅ ወንድም በነፃ ይገኝ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ሽማግሌ ኮች የማይችለውን ያደርጋል፤ ያስታርቃል፣ ይፈርዳል፣ ቤተሰቡን ያውቃል። ግን ቤተሰቡን ማወቁ ራሱ ወገን ያደርገዋል። ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ የሚለውን ጥያቄ ታላቅ ወንድም የሚሰማው በእናቱ ጭንቀትም ጭምር ነው። ኮች በመልሱ የሚያገኘውም የሚያጣውም ነገር ሊኖር አይገባም። ከዚህ የሚከብደው መሰናክል በእኔ ግምት ይሉኝታ ነው። ብዙዎቻችን ያልተስማማንበትን ነገር በአክብሮት «እሺ» ብለን መተው ለምደናል፤ ያልጣመን ጥያቄ ሲቀርብ ፈገግ እንላለን፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንቀራለን። ኮቹ በዕድሜ ታላቅ ከሆነ ደግሞ ማረሙ ነውር ይመስላል። ይህ ሥራ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ እሺታ ጋር አይሄድም። «ይህ ጥያቄ ጉዳዬን አልነካም» ማለት ድፍረት አይደለም፤ ኮቹ የሚሠራበት ዋናው መረጃ ነው። ጥሩ ኮችም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተናግሮ ይፈቅዳል፣ ዝም ሲባልም ይጠይቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ማንም ተነሥቶ ራሱን ኮች ማለት ይችላል። እውነት ነው፤ በአብዛኛው ዓለም ስሙን የሚጠብቅ ሕግ የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው የማረጋገጫ ደረጃ ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት ልምድ፣ ለከፍተኛው 200 ሰዓት ሥልጠናና 2,500 ሰዓት ልምድ ይጠይቃል። ወረቀቱ ብቻውን ጥሩ ኮች አያደርግም፤ ስንት ሰዓት ሠርተዋል፣ ማን ገምግሞዎታል ብሎ ለመጠየቅ ግን በር ይከፍታል። ውጤቱን በተመለከተ ቲም ቴቦምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 18 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ኮቺንግ በሥራ አፈጻጸም፣ በደኅንነት ስሜትና ግብን በመከተል ላይ በጎ ተጽዕኖ እንዳለው አገኙ። ይህ ዓይነት ጥናት በአብዛኛው ሰዎች ስለራሳቸው በተናገሩት ላይ ስለሚመሠረት ተአምር አይነገርበትም፤ ግን ባዶ ወሬ ነው የሚለውን ያፈርሳል።

የኮቹን ክፍያ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ ለአለቃ የሚነገረውና የማይነገረው አስቀድሞ በአለቃው፣ በሠራተኛውና በኮቹ ፊት መለየት አለበት፤ ያለዚያ ሠራተኛው የሚያወራው ለግምገማ የሚመች ነገር ብቻ ይሆናል። ሥራው ወሰንም አለው፤ እንቅልፍ የነሣ ሐዘን፣ ያልሻረ የጦርነት ትዝታ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የኮች ጉዳይ አይደለም፤ ኃላፊነት የሚሰማው ኮች ወዲያው ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ ይልካል። ቆይታውን ማራዘምም እንዲሁ ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ሬቤካ ጆንስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት የቀጠሮው ብዛት ውጤቱን እንደሚወስን አላገኙም። ስለዚህ በውሉ ላይ የመጨረሻው ቀን ካልተጻፈ፣ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት እንዲጻፍለት ይጠይቅ።