የጽንስ ፕሮቲን በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ

አንድ ሐኪም የበሽተኛውን ደም አስመርምሮ «አልፋ ፌቶፕሮቲን ከፍ ብሏል» የሚል ወረቀት ሲደርሰው፥ በሽተኛው የጉበት ካንሰር ይዞታል ብሎ ሊፈርድ ይችላልን? መልሱን ለማግኘት ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ጂን ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ያሻል።

ይህ ጂን በ4ኛው ክሮሞሶም ላይ ከአልቡሚን ጂን አጠገብ ይገኛል። ሁለቱ ከአንድ ጥንታዊ ጂን የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። ጽንሱ በማኅፀን ሳለ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ከልደት በኋላ ግን አልቡሚን ዕድሜ ልክ ሲቀጥል፥ የአልፋ ፌቶፕሮቲን ጂን ዝም ይላል። ልዩነቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ገደማ በአንድ ሚሊ ሊትር የጽንስ ደም ውኃ ውስጥ እስከ 3 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ በጤነኛ አዋቂ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖ ግራም አይበልጥም። ይህም ከሦስት መቶ ሺህ እጅ አንዱ ማለት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ ጂኑ ተዘጋ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1963 ጋሪ አቤሌቭ የተባለው የሞስኮ ሊቅና ባልደረቦቹ የጉበት ዕጢ ያለባቸው አይጦች ይህን የጽንስ ፕሮቲን እንደሚያመነጩ ገለጡ። በተከታዩ ዓመት ዩሪ ታታሪኖቭ የጉበት ካንሰር በያዘው ሰው ደም ውስጥ አገኘው። የካንሰሩ ሕዋስ በከፊል ወደ ጽንስነት ጠባዩ ተመልሶ፥ የተዘጋውን ጂን ከፍቶታል ማለት ነው።

ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ጂኑን የሚከፍተው ካንሰር ብቻ አይደለም። ጉበት በብግነት ተጎድቶ ራሱን ሲያድስ ፕሮቲኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ብሎ የሚጠራውን የዓይን መብጫ ያመጣው ሕመም ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በነፍሰ ጡር ሴት ደም ውስጥም ከጽንሱ የመጣ ይገኛል። ከአንዳንድ የቆለጥና የእንቁልጢ ዕጢዎችም ይመነጫል። በአንጻሩ ብዙ የጉበት ካንሰሮች፥ በተለይ ገና ትንንሾቹ፥ ቁጥሩን ፈጽሞ ከፍ አያደርጉትም። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን በሽተኛውን በከንቱ ሊያስደነግጠው፥ ወይም በከንቱ ሊያጽናናው ይችላል፤ ሁለተኛው በእኔ አስተያየት የባሰ ነው። አልትራሳውንድና ሌሎች የምስል ምርመራዎች አብረውት ይታዘዛሉ።

በእርግጥ የሚጠቅመው ከሕክምና በኋላ ነው። ፕሮቲኑ በአምስት ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አስቀድሞ ከፍ ብሎ የነበረው መጠን ዕጢው ከወጣ በኋላ በዚህ ፍጥነት ካልወረደ፥ ጂኑን የሚያሠሩ የካንሰር ሕዋሳት በሰውነቱ ቀርተዋል ተብሎ ይጠረጠራል።