ስያሜና ንባብ፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሙያዊ ቃላት እንዴት ይጠኑ?



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሚሆነኝ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዲት ተማሪ ላይ የሠራሁት ስሕተት ነው። በሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ተውኔት ውስጥ አንቶኒ በቄሳር አስከሬን ፊት ስለሚያደርገው ንግግር ፈተና አውጥቼ ነበር። ተማሪዋ የስልቱ ስም እንደጠፋት ገልጻ፣ አንቶኒ ብሩተስን «ክቡር» እያለ በጠራው ቁጥር ቃሉ ክብሩን እያጣ እንደሚሄድና በመጨረሻ ስድብ እንደሚሆን ጻፈች። «አይረኒ» የሚለውን ቃል ስላልጠቀሰች ዜሮ ሰጠኋት። ሌላው ተማሪ ስያሜውንና ፍቺውን በቃሉ አጥንቶ ስለ ንግግሩ ግን አንድም ነገር ሳይል ሙሉ ነጥብ አገኘ። ዛሬ ሳስበው፣ ከሁለቱ ንግግሩን በትክክል ያነበበችው እርሷ ነበረች።

እነዚህ ስያሜዎች ከየት እንደመጡ ብናስታውስ ስሕተቴ ግልጽ ይሆናል። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሮማዊው መምህር ኩዊንቲሊያን ደግሞ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዘይቤ ሲጽፉ፣ በሸንጎና በችሎት የሚቆም ተናጋሪ አድማጩን እንዴት እንደሚያሳምን እየመረመሩ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ስያሜ ቃል በአድማጭ ላይ የሚሠራው ሥራ ስም ነው። ሥራውን ሳናይ ስሙን ብቻ ብንይዝ የያዝነው ባዶ መለያ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። በአማርኛ ተለዋጭ ዘይቤ የምንለው ሜታፈር በመመሳሰል ላይ የቆመ ነው። አይ. ኤ. ሪቻርድስ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ በሜታፈር ውስጥ ሁለት ወገን መለየትን አስተማረን፤ አንዱ የሚነገርለት ነገር፣ ሌላው ምስሉ የተወሰደበት ነገር ነው። «ያ ሰው ግንብ ነው» ብል የሚነገርለት ሰውዬው ነው፤ ምስሉ የተወሰደው ከግንቡ ነው። ይሁን እንጂ ሰውዬው መከታ ነው ማለቴ ነው ወይስ የማይሰማ ግትር ነው? «ሜታፈር» የሚለው ስያሜ ለዚህ መልስ አይሰጥም። መልሱ ያለው በዐውዱ ውስጥ ነው።

ሜቶኒሚ ከዚህ ይለያል። «አራት ኪሎ ምን ወሰነ?» ብለን ስንጠይቅ ሰፈሩ መንግሥትን ስለሚመስል አይደለም፤ መንግሥት የሚቀመጥበት ስፍራ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዋይት ሐውስ» እያሉ ፕሬዚዳንቱንና አስተዳደሩን ሲጠሩም እንዲሁ ነው። ድልድዩ ጉርብትና እንጂ መመሳሰል አይደለም።

ክፍሉን በሙሉው ምትክ የሚጠራው ሲኔክደኪ ደግሞ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሚሠራ ቻርልስ ዲከንስ በ1854 በታተመው «ሃርድ ታይምስ» አሳይቶናል። በዚያ ልቦለድ የፋብሪካ ሠራተኞች «እጆች» ተብለው ይጠራሉ። ተማሪ «ይህ ሲኔክደኪ ነው» ብሎ ቢያልፍ ትክክል ነው፤ ግን የልቦለዱን ቁስል አልነካም። ሰው «እጅ» ሲባል ፊቱ፣ ቤተሰቡ፣ ሐሳቡ ከዐይን ይሰወራል፤ ለአሠሪው የሚቀርለት የሚያመርተው ብልት ብቻ ነው። ደራሲው የሚከስሰው ይህንኑ አጠራርና ከአጠራሩ በስተጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ነው።

ወደ አይረኒ፣ ማለትም ወደ ምፀት፣ ልመለስ። ጆናታን ስዊፍት በ1729 ባሳተመው ጽሑፍ የአየርላንድ ድሆች ሕፃናታቸውን ለባለጸጎች ምግብ እንዲሸጡ በረጋ የሒሳብ ቋንቋ ሐሳብ ያቀርባል። ምፀቱን የሳተ አንባቢ ጸሐፊውን ጨካኝ ይለዋል። ያስተዋለው ግን ጭካኔው በድኻ ሕይወት ላይ ሒሳብ የሚያሰሉት ሰዎች መሆኑን ይረዳል። እዚህ ላይ መሳት የአንድ ነጥብ ጉዳይ አይደለም፤ ተበዳዩን ከበዳዩ አለመለየት ነው።

ብዙ ጊዜ ተማሪዎቼ ሰምና ወርቅን ከምፀት ጋር አንድ ያደርጉታል። ሁለቱም ድርብ ትርጉም ቢኖራቸውም አሠራራቸው የተለያየ ነው። በምፀት የተባለው ከታሰበው ጋር ይጣላል፤ አንባቢ ወርቁን ለማግኘት ላይኛውን መጣል አለበት። በቅኔያችን ግን ሰሙ በራሱ ሊቆም የሚችል ትርጉም ነው። ኅብር የምንለውን እንውሰድ። «ሥራህ መቼ ያልቃል?» የተባለ ሰው «ገና ነው» ቢል፣ በዓሉን መቁረጡ ነው ወይስ አለመጨረሱን መናገሩ? ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ላይ አብረው ይኖራሉ። ይህ በእንግሊዝኛው ትምህርት «ፐን» ከሚባለው ጋር እንጂ ከምፀት ጋር አይዛመድም።

እንግዲህ አንድ ስልት ባገኛችሁ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። በተባለውና በታሰበው መካከል ያለው ዝምድና ምንድን ነው፤ መመሳሰል፣ ጉርብትና ወይስ ተቃርኖ? አነጋገሩ ምኑን አጉልቶ ምኑን ይሸፍናል? በተራ ቃል ቢነገር ምን ይጎድላል? ሦስተኛውን መመለስ የቻለ ተማሪ አንብቧል።

ይህን ስል ስያሜዎቹን ማቃለሌ አይደለም። ያቺ ተማሪ ስሙን ብታውቅ ኖሮ አንቶኒን ከስዊፍት አጠገብ አቁማ ታነጻጽራቸው ነበር፤ ያየችውንም ለሌላ አንባቢ በአንድ ቃል ታስተላልፍ ነበር። ይህን ማስተማር የእኔ ድርሻ ነበር። እኔ ግን በቀይ ብዕር አለፍኳት። ከዚያ ወዲህ በማወጣው ፈተና ከአምስት ነጥብ ስያሜው አንድ፣ ማብራሪያው አራት ይይዛል። ለእርሷ ግን ይህ ዘግይቶ የመጣ ፍርድ ነው።