«አድራሻዎ የት ነው?»

ከምሞላቸው ቅጾች ሁሉ የምታስቸግረኝ ቀላል የምትመስለው መስመር ነች፦ «የመኖሪያ አድራሻ»። የዕጢው ዓይነት፣ የባዮፕሲው ውጤት፣ የኬሞው ዙር ከካርዱ ይገለበጣሉ። አድራሻ ግን ከታማሚው አፍ መስማት ይፈልጋል።

ሙያዬ ኤፒዲሚዮሎጂ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የካንሰር ታማሚዎችን በሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት እሠራለሁ። ባልደረቦቼ ለታማሚው ማረፊያ ይፈልጋሉ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ እኔ መረጃ እይዛለሁ። በ2016 ክረምት ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት ፊቴ ተቀመጡ። የጡት ካንሰር ነበረባቸው።

«እናቴ፣ የሚኖሩት የት ነው?»

«እዚሁ ካዛንቺስ። የወንድሜ ልጅ ቤት።»

«ከመጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ሦስት ሳምንት፤ አገሬን ብናገር ትመልሱኛላችሁ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

ይህን መልስ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ታማሚው አይዋሽም፤ ይፈራል። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ጅማና ሐረር የተጨመሩት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። ስለዚህ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሁሉ የዘመዱን ቤት ቁጥር የራሱ አድርጎ ማስመዝገብ ለምዷል።

በዚያች መስመር ላይ የተጻፈው ግን ብዙ ነገር ይወስናል። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2004 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ጥቁር አንበሳን ማዕከል አድርጎ የሚቆጥረው የከተማዋን ነዋሪ ነው። የታማሚው ቁጥር ለነዋሪው ቁጥር ይካፈላል፤ የካንሰር መጠን የምንለው ይህ ነው። የጎጃሟ እናት የካዛንቺስ ነዋሪ ሆነው ከተጻፉ የአዲስ አበባ ቁጥር ያለአግባብ ያብጣል፣ ጎጃም ደግሞ ካንሰር የሌለበት ይመስላል። የአገሪቱ ግምት የሚሠራው በአብዛኛው ከዚህ መዝገብ ስለሆነ ስሕተቱ ከከተማዋ አልፎ ይሄዳል። በጀት ቁጥርን ይከተላል። ካንሰር የሌለበት ለሚመስል አካባቢ የጨረር መሣሪያ የሚገዛ የለም።

ለወጣት ባልደረቦቼ ይህን ሳስረዳ የማነሳው የዶክተር አህመዲን ጀማልን የሙያ ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ነው። ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተውን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ተቀላቀሉ፤ የማኅበሩን የካንሰር አኀዝና ክትትል ምርምር ለረጅም ዓመታት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው የዓለም የካንሰር አኀዝ ጥናት ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው ስም የእሳቸው ነው። በዚያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ 12.7 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ በካንሰር እንደተያዙና 7.6 ሚሊዮን እንደሞቱ ተገምቷል። የከብት ሐኪም አንዷን ላም ሲያክም ዓይኑ ከመንጋው ላይ አይነሳም። ከዚያ ሙያ ወደ እኛ ሙያ ያለው መንገድ ሩቅ አይመስለኝም።

አገራቸውም ከሥራቸው አልጠፋችም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን የተከታተለው ጥናት ላይ ከኢትዮጵያና ከጀርመን ባለሙያዎች ጋር ስማቸው አለ። ያንን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር፣ ከ1,070ዎቹ እያንዳንዷን አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «አድራሻሽ የት ነው?» ብሎ እንደጠየቃት አስባለሁ።

«በጎ አድራጎት ድርጅት እንጀራና መድኃኒት ያቅርብ እንጂ ምርምር ምን ይሠራለታል?» የሚሉኝ አሉ። የዚያው የአሜሪካ ማኅበር ታሪክ ይመልስልኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 ካይለር ሃመንድና ዳንኤል ሆርን የተባሉ የማኅበሩ ተመራማሪዎች 22,000 ያህል በጎ ፈቃደኞችን አሠማሩ። በጎ ፈቃደኞቹ የሚያውቋቸውን ወንዶች ስለ ማጨስ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ኋላም ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ እየተከታተሉ አሳወቁ። ወደ 188,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲህ ተቆጠሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ሲጋራ ገዳይ መሆኑ በአኀዝ ታየ።

በእኛም አገር ምጽዋትና ሳይንስ ተገናኝተዋል። አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ድርጅቱ ታማሚ ከማስጠለል አልፎ ለትምባሆ ቁጥጥር ሕግ ለዓመታት ወትውቷል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስ ተከለከለ። አንድ አባት ኀዘኑን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ሕጉ ደግሞ ያንን ሥራ ከአንድ ቤት አውጥቶ የአገር አደረገው።

የጎጃሟ እናት ከመጡበት ክረምት በኋላ የአድራሻ ጥያቄ ይብስ ከበደኝ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። በ2017 መጀመሪያ አብዛኛው ሰፈር ለመልሶ ማልማት ፈረሰና ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። በመዝገቤ ላይ ያሉ የቤት ቁጥሮች ባለቤት አጡ። ከኬሞ የቀረ ታማሚ ስንፈልግ ቀድሞ ጎረቤት ይነግረን ነበር፤ ሞትም ከሆነ ዕድሩ ያውቃል። አሁን ዕድርተኛው ተበትኗል። ስልክ እንደውላለን፤ መስመሩ ዝግ ይሆናል። እንዲህ የጠፋ ታማሚ በሰንጠረዥ ላይ «ክትትሉ የተቋረጠ» ይባላል። እኔ ግን መጨረሻ የተቀመጠበትን ወንበር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታማሚ ሁለት የቅርብ ዘመድ ስልክ፣ ከተቻለም የዕድር ዳኛውን ስልክ መያዝ ጀምረናል።

የጎጃሟን እናት ያገኘናቸው በዚህ መንገድ ነው። የወንድማቸው ልጅ ቤት ከፈረሱት አንዱ ነበርና አብረውት ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል። ከዚያ ጥቁር አንበሳ ድረስ መመላለሱ ከብዷቸው አንድ ዙር ኬሞ አልፏቸዋል። የትራንስፖርት ገንዘብ ተፈልጎላቸው ሕክምናቸውን ቀጠሉ።

ሲመጡ ቅጹን እንደገና አብረን ሞላነው። አድራሻ የሚለው ላይ ካዛንቺስን ሰርዤ የተወለዱበትንና ያረሱበትን ቀበሌ ጻፍኩ። የከተማዋ መዝገብ እሳቸውን እንደማይጨምር፣ የእኛ መዝገብ ግን ከነአገራቸው እንደሚይዛቸው ነገርኳቸው።

«ታዲያ እዚያ አገሬ የሚቆጥር አለ?» አሉኝ።

«እርስዎን ዛሬ ቆጠርን፤ ከዚያው አካባቢ የመጡትንም በዚሁ ገጽ እየጻፍን ነው። ገጹን ይዘን ሕክምናው ወደ እናንተ እንዲቀርብ እንጠይቃለን» አልኳቸው።

ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡና የቀበሌያቸውን ስም በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «በደንብ ጻፊው» አሉ። አንዱን ፊደል አሳስቼ ነበር፤ አስተካከልኩት።