ከአደይ እስከ ብርሌ

ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል፤ ብርዝ ይበረዛል። አማርኛ ለሦስቱ የበዓል መጠጦች ሦስት ግሥ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠላ ብቅል ማብቀል፣ አሻሮ ማመስ፣ መጠንሰስና መደፍደፍ ያለበት የብዙ ቀን ድካም ነው። ጠጅ ግን ማሩ ተበጥብጦ ጋን ውስጥ ከተጣለ በኋላ የቀረውን ሥራ በአብዛኛው ለጊዜ የሚተው መጠጥ ነው። ብርዝ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው ማርን በውሃ መበረዝ ብቻ ነው። በሌላው ነገር «ተበረዘ» ማለት ክስ ነው። ወተት ተበረዘ፣ ቃል ተበረዘ ሲባል የሆነ ሰው ይወቀሳል። ማር ሲበረዝ ግን እንግዳ ይጠራል።

እዚህ የምናስተዋውቀው ከአንድ ማር የሚወጡትን ሁለቱን፣ ጠጅንና ብርዝን ነው። ቦታው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው፤ ከደሴ በጉጉፍቱ ብርድ በኩል ተወጥቶ አቀስታ፣ ከዚያም ቦረና ወረዳ ገብቶ መካነ ሰላም የሚደረስበት፣ ከመካነ ሰላም ማዶ ደግሞ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያቆለቁልበት አገር።

የመጸው መጠጥ በሌላውም አገር አለ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ቅጠል ሲረግፍ ቀይ ወይን ጠጅ ከፖም፣ ከብርቱካን፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር በትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ይቀላቀላል፤ የበዓል እንግዳም እየተጨለፈለት ይጠጣል። መጠጡ ፓንች ይባላል። ቃሉ «አምስት» ከሚለው የሕንድ ቃል መጣ የሚል የቆየ ማብራሪያ አለው፤ አምስቱ አልኮል፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውሃና ቅመም ናቸው። እኛ ዘንድ የወይን ፍሬ መጠጥ ራሱ ስሙን የተዋሰው ከማር መጠጥ ነው። «ወይን ጠጅ» ስንል የወይን የሆነ ጠጅ ማለታችን ነው፤ መለኪያው ጠጅ ነበርና። ስለዚህ የመጸው መጠጥ ለሚፈልግ ሰው ጥያቄው በአማርኛ ወደ ማር ይመራዋል።

የመጸው ሒሳብ

በእኛ አቆጣጠር ክረምት የሚያልቀው መስከረም 25 ነው። መጸው በማግሥቱ መስከረም 26 ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀኖች፣ እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ በቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ የአበባ ዘመን ማለት ነው። ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ስለሚውል መጸው ከወጣ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። የገና ጠጅ ታዲያ በቀን አቆጣጠር ብንይዘው እንኳ ጋን ውስጥ የከረመ መጸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአደይ አበባ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አደይ ሜዳውንና የማሳ ዳሩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ መች፣ ባቄላና ሌላውም ዕፅ በየተራው ያብባል። ንብ በክረምቱ ተዳክማ የቆየች ናትና በእነዚህ ሳምንታት ያለ ዕረፍት ትሠራለች። በአማራ ክልል ዋናው ማር የሚቆረጠውም ከዚህ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በግንቦትና በሰኔ የሚቆረጥ ሁለተኛ ማር ቢኖርም ብዛቱ ያነሰ ነው።

ለመስቀል የሚጣል ጠጅ እንግዲህ ባለፈው ማር የሚሠራ ነው። ደመራው ላይ አደይ ታስሮ ሲቆም የዘንድሮው ማር ገና አበባ ላይ ነው። ለገና ግን አዲሱ ማር ይደርሳል። በመስቀል በእጅ የተያዘው አበባ በገና በብርሌ ይመለሳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለአቀስታ ሒሳቡ ትንሽ ይከብዳል። አቀስታ ያለችበት ለጋምቦ ወረዳ ብርዳማ ደጋ ነው። ገብስ፣ በግና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ባና የሚያውቅ አገር ነው። ከፍ ባለው ላይ፣ ደንቆሮ ጫካን በያዘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በኩል፣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጫማ ምድር አለ። ንብ ብርድ አትወድም፤ ሰማዩ ሲጠቁርና ነፋሱ ሲበረታ ከቀፎዋ አትወጣም። ማር በብዛት የሚገኘው ዝቅ ብሎ፣ በወይና ደጋውና ወደ ሸለቆዎቹ በሚወርደው ተዳፋት ነው። ደጋው ገብሱን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ማሩ ከታች ይመጣል። ጠላና ጠጅ በአንድ ድግስ ሲቀርቡ የላይና የታች አገር በአንድ ማዕድ ተገናኙ ማለት ነው።

ጠጁ እንዴት ይጣላል?

መጀመሪያ የሚሰናዳው ዕቃው ነው። ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ለመጠጡ መዓዛ ይሰጣል፤ በሸክላው ቀዳዳ የተደበቀውን የሚያበላሽ ተሕዋስም ያዳክማል።

ማሩ ያልተጣራ ቢሆን ይመረጣል። ለዳቦ መቀቢያ የተጣራ ማር ያምራል፤ ጠጅ ጣይዋ ግን ከነሰፈፉ፣ ከነአበባ ዱቄቱ የሆነውን ትወዳለች። ምክንያት አላት። እርሾው የሚመገበው ስኳር ብቻ አይደለም፤ የአበባው ዱቄትም ስንቁ ነው፤ ከነሰፈፉ የተጣለ ማር ቶሎ ይነሣል።

መጠኑ በተለምዶ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው፤ ቀለል ያለ የሚፈልግ እስከ አምስት እጅ ውሃ ይጨምራል። እጁ የስፍር እንጂ የሚዛን አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከገበያ 5 ኪሎ የገዛ ሰው የያዘው ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ ለሦስት እጅ የሚበቃው ውሃም ወደ 11 ሊትር ይሆናል። ኪሎውን ሊትር ነው ብሎ 15 ሊትር ውሃ የጨመረ ሰው ጠጄ ቀጠነ ብሎ ማሩን ያማል።

ማሩ በውሃ ይበጠበጥና አፉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ተገፎ ይወጣል፤ አይጣልም። ከዚያ የጌሾ ተራ ነው። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። እንጨቱ ተቆራርጦ ከብጥብጡ ጥቂት ተቀንሶ በዚያ ይፈላል፤ ሲበርድ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ከቀናት በኋላ እንጨቱ ወጥቶ ብጥብጡ ብቻውን እንዲፈላ ይተዋል። አረፋው ሲያርፍና ጣፋጭነቱ ሲቀንስ በጨርቅ ተጠልሎ ይቀዳል። ከታች የቀረው ዝቃጭ አምቡላ ይባላል።

በጋኑ ውስጥ የሆነው ምንድን ነው? ማር ብቻውን ዓመታት ቢቀመጥ አይፈላም። ከመቶው 17 ወይም 18 እጁ ብቻ ውሃ ስለሆነ እርሾ ቢገባበትም ስኳሩ ውሃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ውሃ ሲጨመርበት ግን ተኝቶ የነበረው እርሾ ይነቃና ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጣል። ጌሾው ምሬቱን ያመጣል፤ ጣፋጩን ያስተካክላል። ከእንጨቱ ጋር የሚመጣ እርሾም አለ። በደንብ የበሰለ ጠጅ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይደርሳል፤ በአሠራሩ ከዚህ ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። ጠላ እንደጠጡ አድርገው የጀመሩት እንግዶች ሲነሡ እግራቸው የሚያስታውሳቸው ይህን ቁጥር ነው።

እርሾ ሙቀት ይወዳል። በቆላ በሳምንት የሚደርስ ጠጅ በአቀስታ ብርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የደጋ ባለሙያ ሁለት ዘዴ አላት፦ ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋትና በባና ወይም በደበሎ መጠቅለል። ለገና የሚሆነውን በታኅሣሥ መባቻ መጣል ይሻላል። በበዓሉ ዋዜማ ጋን ሥር እሳት ማቀጣጠል የጀመረ ሰው ዘግይቷል።

አንድ ማር፣ ሁለት ማሰሮ

የወሎ ድግስ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እንግዳው ከሁለት እምነት ይመጣል። አክስት ክርስቲያን፣ አጎት ሙስሊም የሆኑበት ቤት እዚህ ብርቅ አይደለም። ክርስቲያኑ ደግሶ ሙስሊም ጎረቤቶቹን ሲጠራ በግ ለይቶ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው ራሳቸው ይሠራሉ። በሙስሊሙ ድግስም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ይደረጋል። ሥጋው ሲለይ ማንም አይከፋም፤ መለየቱ ነው አክብሮቱ።

በመጠጥ በኩል ይህን ሥራ የሚሠራው ብርዝ ነው። ያው ማር፣ ያው ውሃ ነው። ልዩነቱ ጌሾ አለመንካቱና ጊዜ አለማግኘቱ ነው። ለሙስሊም እንግዳ የሚበረዘው በዕለቱ፣ ጠጅ ይዞ በማያውቅ ማሰሮ ነው። አድሮ የዋለ ብርዝ ጋዝ ይቋጥራል፤ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ይህ እርሾው ሥራ መጀመሩን የሚናገር ምልክት ነው። ጠንቃቃ አስተናጋጅ ወደዚያ ሳይደርስ ታቀርባለች። እዚህ ላይ የአቀስታ ብርድ ወዳጅ ይሆናል፤ ጠጅ የሚያዘገየው ብርድ ብርዙን ጣፋጭ አድርጎ ያቆያል።

ከብርዝ ጎን ቃሪቦ አለ፤ በወሎ ሙስሊም ቤቶች በዒድና በመውሊድ የሚታወቅ የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፤ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ለአንድ ሌሊት ያድራል። መልኩ ጠላ ይመስላል፤ ጌሾ ግን የለበትም። ማር በተወደደበት ዓመት ከብርዝ ይልቅ ቃሪቦ ይበዛል።

ብርዝ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሁለት ነገር አይዘንጋ። አንደኛው፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር፣ ስለዚህም ብርዝ፣ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የተሕዋስ ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ሁለተኛው፣ መፍላት የጀመረ ብርዝ በጠርሙስ ተከድኖ አይቀመጥም፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ፓንቹ የግድ ያስፈልገኛል የሚልም መንገድ አያጣም። ሻይ ላይ ቀረፋና ቅርንፉድ መጣል የለመድነው ነው። እነዚሁን ከዝንጅብልና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር በጥቂት ውሃ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ለብ ሲል ብርዙ ላይ መጨመር ለብርዳማ ምሽት ይስማማል። ማሩ ራሱ ከእሳት ጋር ባይገናኝ ይሻላል፤ መዓዛው ይበንናል። ጠጅ የሚወድ በብርዙ ፋንታ ጠጅ ያደርጋል። በከተማ ደግሞ ጉደር ወይን ጠጅ በአምቦ ውሃ የሚበርዝ ብዙ ነው፤ መበረዝ አሁንም መስተንግዶ ነው።

ሰፈፉ የት ይሄዳል?

ጠጅ በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዛሬውን ደቡብ ወሎ በሚጨምረው በጥንቱ የአምሐራ ምድርም አልፏል፤ በጽሑፉም ከማር ስለሚሠራው ወይን ደጋግሞ አንሥቷል። ጠጅ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ዛሬ የማንም ነው፤ ዛሬም ቢሆን አገሪቱ ከምታመርተው ማር አብዛኛው የሚያልቀው በጠጅ ነው። ውጭ አገር ያለው ወገናችን ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል ወይም በሻንጣ ያስመጣል፤ ማር የትም አለ፣ ጌሾ ግን በየሱቁ የለም።

ቀደም ሲል ሰፈፉ ተገፎ ይወጣል፣ አይጣልም ብለን ነበር። ሰፈፉ ይቀልጣል፣ ይጣራል፣ ሰም ይሆናል። ኢትዮጵያ ለውጭ ገበያ ከምታቀርበው ሰም ብዙው የሚሰበሰበው ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ነው። በአገር ቤት ደግሞ ከሰሙ ጧፍ ይሠራል። በገና ሌሊት ምእመናን ጧፍ አብርተው ሲቆሙ ጠጁ ገና አልተቀዳም፤ ጋኑ ቤት ውስጥ በባናው ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ሲነጋ፣ ጧፉ አልቆ ሲመለሱ፣ ብርሌው ይወጣል። የዚያች አደይ ሰም ሌሊቱን አብርቷል፤ ማሯ አሁን ይቀዳል።