ወደ ነገ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፤ ወደ ትናንትስ?

እ.ኤ.አ. በ1971 ጆሴፍ ሃፈሌ የተባለ የፊዚክስ ሊቅና ሪቻርድ ኪቲንግ የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ አራት የሲዝየም አቶሚክ ሰዓቶች ይዘው ተራ የመንገደኞች አውሮፕላን ተሳፈሩ። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ ዓለምን ዞሩ። ሲመለሱ ሰዓቶቹን ዋሽንግተን ውስጥ ከቀሩት ጋር አመሳከሩ። በምሥራቁ ጉዞ ሰዓቶቹ 59 ናኖ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ በምዕራቡ ደግሞ 273 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ተገኙ። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ስለሆነ ልዩነቱን በዓይን የሚያየው የለም፤ ነገር ግን የአንስታይን ቀመር አስቀድሞ ከተነበየው ጋር የሚስማማ ነበር።

ስለዚህ በጊዜ ውስጥ መጓዝ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ ካገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጊዜን የሚያዘገዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ፍጥነት ነው፤ አንስታይን በ1905 ያሳየው። ሁለተኛው ስበት ነው፤ በ1915 ያጠናቀቀው ንድፈ ሐሳብ ውጤት። ሙዮን የተባለችው ቅንጣት ባለችበት ብትቀመጥ በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ኖራ ትበታተናለች፤ ጄኔቭ አጠገብ ባለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሴርን ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግታ ስትሽከረከር ግን ዕድሜዋ 29 እጥፍ ያህል ረዝሟል። በስድስት ጉዞዎች ከ800 ቀናት በላይ ሕዋ ላይ የቆየው ሩሲያዊው ሰርጌይ ክሪካሊዮቭ ምድር ላይ ከቀረነው ሁሉ በሰከንድ ሃምሳኛ ገደማ ወደፊት ተሻግሯል። የስበቱን ነገር ለማየት ሕዋ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለው ደናክል የተቀመጠ ሰዓት፣ ራስ ዳሸን አናት ላይ ካለው በዓመት 16 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በስልካችን ካርታ የምንጠቀመውም እንዲህ ያለው የጊዜ ልዩነት ስለሚታረም ነው፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል፤ ሳይስተካከል ቢቀር በአንድ ቀን ውስጥ ስሕተቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ወደ ሩቅ ነገ መሻገር የሚከለክለው ሕግ የለም፤ የሚከለክለው ዋጋው ነው። ከብርሃን ፍጥነት 99.5 በመቶ በሚሆን ፍጥነት አንድ ዓመት የተጓዘ ሰው ሲመለስ ምድር ላይ አሥር ዓመት አልፎ ያገኛል። ለዚያ ፍጥነት እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ12 ሺህ የሚበልጡ የሂሮሺማ ቦምቦችን ጉልበት ይጠይቃል። ሰው ከሠራቸው መንኮራኩሮች ሁሉ ፈጣኑ ፓርከር በ2024 መጨረሻ ፀሐይን ተጠግቶ ሲያልፍ በሰከንድ 192 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጧል፤ ይህም ከብርሃን ፍጥነት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ብርሃን በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህን ያለፈ መስሎ የሚታይ ነገር ብዙ ነው። ውኃ ውስጥ ብርሃን ስለሚዘገይ ኤሌክትሮን ሊቀድመው ይችላል፤ የኑክሌር ማብላያ ገንዳ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ጸዳልም ከዚህ የሚመጣ ነው። በጣም የራቁ ጋላክሲዎች ከብርሃን በላይ እየፈጠኑ ይርቁናል፤ ሆኖም የሚለጠጠው መካከላችን ያለው ሕዋ እንጂ እነሱ በሕዋው ውስጥ እየሮጡ አይደለም። የ2022 የኖቤል ሽልማት ያስገኘው የኳንተም ቁርኝትም ቅንጣቶችን በርቀት ያስተሳስራል፤ መልእክት ግን አይላክበትም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ያነጋገረው የ2011ዱ ወሬ ነው። ከሴርን ተነሥተው ጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር እስካለው መሣሪያ ድረስ 730 ኪሎ ሜትር የተጓዙ፣ ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ ተባለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስላላመኑት፣ ሌሎች ስሕተቱን እንዲፈልጉላቸው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ጠርጣሪዎች ግን ጥሩ መከራከሪያ ነበራቸው። በ1987 ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ሲፈነዳ የታየው ኮከብ ኒውትሪኖዎች ወደ ምድር የደረሱት ከብርሃኑ በሰዓታት ብቻ ቀድመው ነው፤ ያም በፍጥነታቸው ሳይሆን ብርሃኑ ከኮከቡ ሆድ ለመውጣት ስለዘገየ ነው። በአዲሱ ልኬት ፍጥነት ቢሄዱ ኖሮ አራት ዓመት ገደማ መቅደም ነበረባቸው። በ2012 ዋናው ጥፋት ተገኘ፤ በደንብ ያልጠበቀ የፋይበር ኬብል ነበር።

ብዙ ሰው ከብርሃን መፍጠንንና ወደ ኋላ መሄድን እንደ ሁለት ምኞት ይቆጥራቸዋል፤ አንደኛው የመንኮራኩር፣ ሌላው የልብ ወለድ። በእኔ እይታ ግን ጉዳዩ አንድ ነው። በአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በጣም ተራርቀው ከተፈጸሙ ሁለት ድርጊቶች የትኛው እንደቀደመ በተለያየ ፍጥነት የሚጓዙ ተመልካቾች ላይስማሙ ይችላሉ፤ ሁሉም ግን ልክ ናቸው። ብርሃን እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው በጊዜው ስለማይደርስ አንዱ የሌላው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ አለመስማማታቸውም ጉዳት የለውም። ከብርሃን የሚፈጥን መልእክት ካለ ግን ነገሩ ይበላሻል። በፍጥነት እየተራራቁ ያሉ ሁለት መንኮራኩሮች እንዲህ ባለ መልእክት ቢነጋገሩ፣ የሁለተኛው መልስ የመጀመሪያው ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ሊደርሰው ይችላል። አንደኛውን ምኞት የፈቀደ ሁለተኛውንም ፈቅዷል፤ አንጻራዊነትን እስካልጣለ ድረስ።

ወደ ኋላ የሚያሻግር ቀዳዳ ፍለጋው የሚደረገው ስበትን በሚያስተናግደው አጠቃላይ አንጻራዊነት ውስጥ ነው። በ1949 የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል፣ ዩኒቨርስ ሁለንተናው የሚሽከረከር ቢሆን መንገደኛ ወደ ገዛ ትናንቱ ሊመለስ እንደሚችል ከአንስታይን ቀመሮች አወጣ። የእኛ ዩኒቨርስ እንዲያ የሚሽከረከር አይመስልም፤ ቢሆንም ቀመሮቹ ራሳቸው እንደማይከለክሉ መታወቁ አንስታይንን አሳስቦታል። በ1980ዎቹ የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴጋን ለሚጽፈው ልብ ወለድ የሚሆን የኮከብ መንገድ ወዳጁን የፊዚክስ ሊቅ ኪፕ ቶርንን ጠየቀ፤ ቶርንም ከተማሪው ማይክል ሞሪስ ጋር ሰው የሚያልፍበትን የትል ቀዳዳ፣ ማለትም የተራራቁ ሁለት የሕዋ ቦታዎችን የሚያገናኝ አቋራጭ፣ ቀመረ። ብዙም ሳይቆይ የቀዳዳውን አንድ አፍ በፍጥነት አንቀሳቅሶ መመለስ ወደ ኋላ የሚያሻግር በር እንደሚያደርገው ታየ። በ1994 ደግሞ ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢዬሬ፣ ከፊቱ ያለውን ሕዋ እያጠበበ ከኋላው እየለጠጠ መንኮራኩርን ከብርሃን በላይ አፍጥኖ የሚያንሳፍፍ አረፋ አቀረበ።

የትል ቀዳዳውም የአረፋውም ዕዳ ተመሳሳይ ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ ኢነርጂ ያስፈልጋቸዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሄንድሪክ ካሲሚር በ1948 እንደተነበየው በሁለት የተቀራረቡ የብረት ገጾች መካከል የዚህ ዓይነት ነገር በጥቂቱ ይከሰታል። ለአልኩቢዬሬ አረፋ የሚፈለገው ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ስሌቶች፣ ከሚታየው ዩኒቨርስ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። በኋላ የቀረቡ ንድፎች ቁጥሩን እጅግ ቀንሰውታል፤ ከየት እንደሚገኝ ግን አልነገሩንም።

ስቲቨን ሆኪንግ በ2009 ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ ደግሶ መጥሪያውን ያሰራጨው ከድግሱ በኋላ ነው፤ የመጣ አልነበረም። ቀልዱ ደስ ይላል፤ እንደ ማስረጃ ግን ደካማ ነው። በትል ቀዳዳ የሚሠራ በር ከተሠራበት ቀን ወደ ኋላ አያሻግርምና። በ1992 ያቀረበው ግምት የበለጠ ክብደት አለው፤ እንዲህ ያለ በር ሊከፈት ሲል የኳንተም ኃይሎች አብጠው ያፈርሱታል ይላል። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭ ደግሞ በሩ ቢከፈት እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ የገዛ አያትን ገድሎ አለመወለድ አይቻልም፣ የሚፈቀደው ከራሱ ጋር የማይጋጭ ታሪክ ብቻ ነው ይላል።

በ1997 ኬይ፣ ራድዚኮቭስኪና ዋልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሆኪንግን ጥያቄ በጥብቅ ሒሳብ መረመሩት። ያገኙትም በሩ የግድ ይፈርሳል የሚል አይደለም። ወደ ኋላ መጓዝ በሚጀመርበት ድንበር ላይ፣ ስበትን በአንስታይን ቅንጣቶችን በኳንተም የሚያሰላው የተለመደው ዘዴ ራሱ ትርጉም ያጣል። ከዚያ ወዲያ ለመናገር ስበትንና ኳንተምን በአንድነት የሚገዛ ንድፈ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ገና በእጅ የለም።